ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለችው ሻጭ

ተከሳችኋል ብትባሉ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምንድን ነው? «ማነው የከሰሰኝ?» አይደል? ቀጥሎ ደግሞ «ምን አደረግሁ?» ትላላችሁ። መቆጣቱም፣ መማጸኑም፣ ጠበቃ መፈለጉም የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ሁለቱም ሳይነገረኝ ተፈረደብኝ። የፈረደብኝን አካል እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ሰው መሆኑንም እጠራጠራለሁ። ይህን የምጽፈው ንዴቴ በርዶልኝ አይደለም። እንዲያውም እንዳይበርድብኝ ብዬ ነው።

አስቴር እባላለሁ። ጉለሌ ተወልጄ ጉለሌ ያደግሁ፣ አዲሱ ገበያ አካባቢ ባለ ትምህርት ቤት ለብዙ ዓመት አንደኛ ክፍል ያስተማርኩ ሴት ነኝ። የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ኑሮዋ ጩኸት ነው። ከጊዜ በኋላ ጉሮሮዬ ታመመ። ጳውሎስ ሆስፒታል ያየኝ ሐኪም «ወይ ድምፅሽን ወይ ማስተማሩን ምረጪ» ሲለኝ እያለቀስኩ ድምፄን መረጥኩ።

ከዚያ በኋላ የቀረኝ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ነበር። ፕሮግራም መጻፍ ከኢንተርኔት መማር ስጀምር የሰፈር ሰው ሳቀብኝ። «በዚህ ዕድሜሽ?» ያላለኝ የለም። እኔ ግን ግትር ነኝ፤ እናቴን ጠይቋት። ልፋቴ በመጨረሻ አንድ አፕ ሆነ፤ ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ፊደል የሚያስተምር። ስሙን «ልጆች ተከተሉኝ» አልኩት፤ ክፍል ገብቼ ጠዋት ጠዋት የምለው እሱን ስለነበር። ድምፁ የራሴ ነው። ጉሮሮዬ እንዳይብስበት በቀን ጥቂት ፊደል ብቻ እየቀዳሁ ነው የጨረስኩት። «ሀ» እላለሁ፤ ከዚያ ዝም ብዬ እጠብቃለሁ። ልጁ ካላለ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው አሁንም እጠብቃለሁ። ወላጆች የወደዱልኝ ይህን አለመቸኮሌን ነው።

የምሸጠው ሶፍትዌር በሚሸጥበት አንድ ትልቅ የውጭ አገር የኢንተርኔት ገበያ ላይ ነው። ገበያው ዕቃዬን ይሸጣል፣ ድርሻውን ይወስዳል፣ የቀረውን ይልክልኛል። እኔና እናቴ የምንኖረው በዚህ ነው። ሌላ መተዳደሪያ የለንም።

አንድ ቀን አዲስ ሕግ መጣ ተባለ። ደንበኞቼ በሚኖሩባቸው አገሮች በኢንተርኔት የሚሸጥ ሰው ሁሉ፣ የትም ይኑር የት፣ ሙሉ ስሙን፣ አድራሻውንና ስልኩን ለገዢው ማሳየት አለበት። እውነቱን ለመናገር ሕጉን አልጠላሁትም። ሰው ከማን እንደገዛ ማወቅ አለበት፤ እኔም ከማላውቀው ሰው ዘይት አልገዛም። ችግሩ ገበያው ሙዪ ብሎ የላከልኝ ቅጽ ነበር። የፖስታ ሣጥን ቁጥር አልቀበልም አለ። የመንገድ ስም አምጪ አለ። የኛ መንገድ ስም የለውም። የቤት ቁጥራችንም በር ላይ በቀለም ተጽፎ ዝናብ ካጠበው ቆይቷል። የሞላሁት ሁሉ ተመላልሶ ሲመጣብኝ በመጨረሻ በሽቄ ለታክሲ ሾፌር እንደምናገረው አድርጌ ጻፍኩት፦ ከአዲሱ ገበያ ወደ ጳውሎስ ሲወርዱ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር። ከወረዳ የነዋሪነት ደብዳቤ አያይዤ ላክሁት። ተቀበለው!

ከእናቴ ጋር ሆድ እስኪያመን ሳቅን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜም፣ ስልኬም፣ የበራችን ቀለም ሳይቀር ለዓለም ተለጠፈ። አልፈራሁም። ከውጭ አገር መጥቶ በሬን የሚያንኳኳ ማን አለ ብዬ ተውኩት።

መዓቱ የወረደው ሐሙስ ጠዋት ነው። ኢሜይሌን ስከፍት ከገበያው የመጣ መልእክት አገኘሁ። አንድ ሸማች ባቀረበው አቤቱታ መሠረት ገዢዎችን ማሳሳቴ ተረጋግጧል ይላል። በሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት ገበያው ላይ ያለኝ የመሸጫ መደብ ሰኞ ለዘለቄታው ይዘጋል፤ ምርቴም ከሁሉም አገር ይነሣል። ደግሜ አነበብኩት። ማንን ነው ያሳሳትኩት? «የሸማቹን ማንነት ለመጠበቅ ሲባል አይገለጽም።» በምን አሳሳትኩ? እሱም የለም። መልስ ጽፌ ብልክ «ይህ አድራሻ መልእክት አይቀበልም» የሚል ተመለሰልኝ።

ይግባኝ የሚል ቦታ ፈልጌ አገኘሁ። ስንት ዓመት የለፋሁበትን ነገር የማስረዳበት ጠባብ ሣጥን ሰጡኝ። ጻፍኩና ላክሁ። ውኃ ጠጥቼ ስመለስ መልሱ ደርሷል። «ይግባኝዎን በጥንቃቄ መርምረናል። ውሳኔው ጸንቷል።» በጥንቃቄ! እኔ የአንድ ልጅ የቤት ሥራ ለማረም ከዚያ የበለጠ ጊዜ እወስድ ነበር።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጮሂው?»

«ሊዘጉኝ ነው እማዬ።»

«ማናቸው?»

«ገበያው።»

«ታዲያ ሂጂና አነጋግሪያቸው።»

«የት ልሂድ?»

«ቢሯቸው ነዋ!»

«እዚህ አገር ቢሮ የላቸውም።»

እናቴ «በር የሌለው ሰው ነው የሰው በር የሚዘጋው?» አለች። እኔም ከዚያ የተሻለ አድርጌ ልናገረው አልችልም።

ዓርብ በማለዳ የሸማቾችን ጉዳይ ወደሚያይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ከወረፋ በኋላ ከረባት ያሰረ ወጣት ሠራተኛ ፊት ቀረብኩ። ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«እሺ እናቴ፣ እርስዎ ገዢ ነዎት ሻጭ?»

«ሻጭ ነኝ።»

«እኛ የምንጠብቀው ሸማቹን ነው። ገዢው የት ነው ያለው?»

«ውጭ አገር።»

«ገበያውስ?»

«እሱም ውጭ አገር።»

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ እዚህ አገር ያለው ምንድን ነው?»

«እኔ ነኛ!» አልኩት ድምፄን ከፍ አድርጌ። ወረፋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዞር አለ። «እኔ አለሁ አይደል እዚህ? ጉለሌ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ!»

«እ... ማለቴ፣ እርስዎን በቀጥታ የሚመለከት ክፍል የለንም ለማለት ነው።»

«ግብር ስከፍል የሚመለከተኝ ክፍል እኮ አለ።»

ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከልቡ እንደሆነም ገብቶኛል። ግን የእሱ ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? አዲሱ ገበያ ከታክሲ ወርጄ ወደ ቤት ስሄድ ማንንም ሰላም አላልኩም። የማያውቀኝ ሰው አታላይ ብሎ ፈርዶብኛል። የሚያውቀኝ አገር ደግሞ ክፍል የለኝም ብሎኛል።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የግቢያችን በር ተንኳኳ። እናቴ ልትከፍት ወጣች። ወዲያው እየሮጠች ተመለሰች፤ በጉልበቷ ሕመም ምክንያት ሩጫ ከተወች ዘመን ሆኗታል።

«አስቴር! ተነሺ! ያን ሰማያዊ ቀሚስሽን ልበሺ!»

«ምን መጣ?»

«ሽማግሎች ናቸው!»

«የምን ሽማግሌ?»

«የምን ሽማግሌ ትለኛለች እንዴ! ሽማግሌ ነዋ! ሦስት ናቸው፤ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው!»

ወደ አርባ ዓመት እየተጠጋሁ ነው፤ አላገባሁም። እናቴ ይህን ቀን ስንት ዓመት እንደጠበቀች እኔ ነኝ የማውቀው። ባትለብሺ እርም ብላ አስማለችኝ። ቀሚሱን ለብሼ ስወጣ ሦስት አዛውንቶች ሳሎናችን መሐል ቆመዋል። እናቴ ወንበር እያቀረበች «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ምነው?» ትላለች።

«አንቀመጥም» አሉ መሐል ላይ ያሉት። ጋሽ ሙሉጌታ እንደሚባሉ በኋላ ሰማሁ። አንደበታቸው የተባ፣ ከዘራቸውን ይዘው ሲናገሩ ዳኛ የሚመስሉ ሰው ናቸው። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። የመጣንበት ነገር ከባድ ነው።»

«የቤቱ አባወራ አርፏል» አለች እናቴ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ግን እኔ አለሁ። ይናገሩ።»

«እግዜር ያክብርዎ። እንግዲህ የመጣነው በልጃችን ጉዳይ ነው። ልጃችን ጨዋ ነው፤ እዚሁ ሰፈር ነው ያደገው። አሁን የሚኖረው ስዊድን አገር ነው።»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ስዊድን!» አለች በሹክሹክታ።

«ሥራ አለው። ቤት አለው» ቀጠሉ ጋሽ ሙሉጌታ። «ባለትዳርና የልጅ አባት ነው።»

የእናቴን ፊት ማየት ነበረባችሁ። «ባለትዳር?» አለች። «ባለትዳር ሆኖ ነው ሽማግሌ የሚልከው? ምን ዓይነት ድፍረት ነው ይኼ!»

«ኧረ እመቤቴ! ለጋብቻ አይደለም፤ ለይቅርታ ነው የመጣነው!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በሳቅ እሞት ነበር። ያን ቀን ግን አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም በስተቀኝ የቆሙት ቀጭን ሽማግሌ ሁለት እርምጃ ወደ እኔ ቀርበው አንገታቸውን ደፉ።

«ልጄ፣ ደበበ እባላለሁ። ከወፍጮ ቤቱ በታች የድንጋይ አጥር ያለው ግቢ የኛ ነው። ድንጋይ ተሸክሜ ነው መምጣት የነበረብኝ፤ ወገቤ አልችል ብሎኝ ነው። ልጄ ዮናስ በድሎሻል።»

ነገሩን አስረዱኝ። ዮናስ ለልጁ ፊደል ማስተማሪያዬን ገዝቷል። ስልክ ሲቀይር አፑ አልከፍት አለው። ገንዘቡን ሊያስመልስ ሲል ምክንያቱን ከተደረደሩት ምረጥ ተባለ። ጓደኛው «ሻጩ አሳስቶኛል የሚለውን ተጫን፤ ቶሎ የሚመልሱት ለእሱ ነው» ብሎ መከረው። ተጫነው። ገንዘቡ እንኳ ገና አልተመለሰለትም። በቃ፣ ይኸው ነው። ዓርብ ማታ ከአባቱ ጋር በስልክ ሲጫወት «አባዬ፣ አፕ የገዛሁት ከማን መሰለህ? ከኛው ወፍጮ ቤት ጀርባ!» ብሎ አድራሻዬን እየሳቀ አነበበላቸው።

«አረንጓዴ በር ሲለኝ በሩ ታየኝ» አሉ ጋሽ ደበበ። «'ታዲያ አልሠራም ስትላት ምን አለች?' አልኩት። 'እሷን አላናገርኳትም፤ አሳሳተችኝ ብዬ ከሰስኩ' አለኝ። ዕቃው አልሠራልኝም ማለት አንድ ነገር ነው፤ አታለለችኝ ማለት ሌላ ነው። የሰው ስም እኮ ነው! እነዚህን ወንድሞቼን ለምኜ መጣሁ።»

የከሰሰኝን ሰው ያወቅሁት እንዲህ ነው። ሕጉ የደበቀብኝን አባቱ ነጠላ አጣፍተው መጥተው ነገሩኝ። በዚያች ደቂቃ ግን ምስጋና አልታየኝም፤ ደሜ ፈላ።

«ጋሽ ደበበ፣ ልጅዎ ስሜን ብቻ አይደለም ያጠፋው። ሰኞ ይዘጉኛል። ለዘለዓለም! እኔና እናቴ የምንበላው ከዚህ ነው» አልኳቸው።

የሚያውቁት አልነበረም። «ይዘጉሻል?» አሉ። «ለአንድ ስልክ?» ፊታቸው አመድ መሰለ። ስልካቸውን አውጥተው ደወሉና ድምፁን ከፍ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«ዮናስ! ልጅቷ ቤት ነኝ። ሊዘጓት ነው አሉ በአንተ ክስ!»

«እንዴ አባዬ፣ ክስ አይደለም እኮ። ቁልፍ ነው የተጫንኩት።»

«ቁልፉ ቤት ዘጋ! ተናገር አሁን፣ ትሰማሃለች!»

ዮናስ ተንተባተበ። «እህቴ፣ ማርያምን አላወቅሁም። ገንዘቤን መልሰው ዝም የሚሉ ነው የመሰለኝ። ስንት ሰው እኮ እንዲህ ነው የሚያደርገው። አሁኑኑ እጽፍላቸዋለሁ፤ አላታለለችኝም እላለሁ።»

ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አስተማሪነት አይለቅም፤ «ስልክህ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። ነገረኝ። ችግሩ ወዲያው ገባኝ። ይህን ንካ፣ ያንን ክፈት እያልኩ መራሁት። ጥቂት ቆይቶ ከስዊድን የራሴ ድምፅ «ሀ» ሲል ተሰማ። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ አንድ ትንሽ ልጅ «ሀ» አለ። ጋሽ ደበበ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

ለካ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ነበር! አንድ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ እዚያው ያልቅ ነበር። ስልኬ እኮ ተጽፏል። በሕግ አስገድደው ነው ያስጻፉኝ።

ይቅር አልኩት። ሽማግሎቹ ተቀመጡ፤ እናቴ ከጓዳ ዳቦና ለስላሳ አወጣች። ጋሽ ሙሉጌታ ሲመርቁ «ደግሞ ለሚቀጥለው ጊዜ በቁም ነገር እንመጣለን» ብለው እናቴን አሳቋት። እነሱ ሲወጡ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በኛ ደንብ ከሳሽና ተከሳሽ ከታረቁ ምን ቀረ?

ዮናስ ቃሉን ጠበቀ፤ በዚያው ምሽት ጻፈ። የጻፈውንም ላከልኝ። ቅን ልጅ ነው፤ የሆነውን አንድ ሳያስቀር አሰፈረው። ሻጯ እንዳላታለለችው፣ ችግሩን ራሷ እንደፈታችለት፣ አባቱ ከሽማግሎች ጋር ቤቷ ሄደው እንዳስታረቋቸው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ለእሱ መልስ መጣ፤ አቤቱታው ከገባ በኋላ አይነሣም የሚል። ለእኔም መጣልኝ። እስቲ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። «አቤቱታ ያቀረበን ሸማች ከገበያው ውጭ በሦስተኛ ወገኖች አማካይነት አግኝተው አቤቱታውን እንዲያነሣ ጫና ማድረግዎ ታውቋል። ይህ ከባድ ጥሰት ነው።»

ጫና! ጋሽ ደበበ ከነወገባቸው! ዳቦ በልተው መርቀው የሄዱት ሽማግሎች! በሬን ያንኳኩት እነሱ፣ ይቅርታ የለመኑት እነሱ፣ ጫና አድራጊዋ እኔ! ላፕቶፑን ልወረውረው አንሥቼ እናቴ ናት እጄን የያዘችው። አንደኛው ጥፋቴ ያላደረግሁት ነው። ሁለተኛው ጥፋቴ መታረቄ ነው።

ሰኞ ዘጉኝ። የአፑን ስም ብጽፈው የለም፤ የገዙት ሰዎች ስልክ ላይም ጠፍቷል። የወላጆች መልእክት ስልኬ ላይ ይጎርፋል፦ ምን ሆነሽ ነው? ለምን ጠፋሽ? ልጄ እያለቀሰ ነው። ምን ብዬ ልመልስ? አልጋዬ ላይ ተዘርሬ ዋልኩ። እናቴ አጠገቤ ቁጭ ብላ እግሬን ታሻሻለች።

ማክሰኞ ጋሽ ደበበ ብቻቸውን መጡ። ያን ዕለት ከእኔ የባሰ የተናደደ ሰው ማየቴ አጽናናኝ ብል ውሸት አይደለም። «በየትኛው አገር ነው እርቅ ወንጀል የሚሆነው?» እያሉ ሳሎኑን ይዞሩታል። ለልጃቸው ደወሉ።

«ያበላሸኸውን አቃና!»

«አባዬ፣ እሷን ወክዬ መናገር አልችልም እኮ። እዚህ አገር እኔ መብት ያለኝ እንደ ገዢ ብቻ ነው።»

«ታዲያ እንደ ገዢ ተናገራ! ገዝተህ የለም እንዴ? ዕቃህን ወስደውብህ የለም እንዴ?»

ዮናስ ቀስ ብሎ «እውነትህን ነው አባዬ» አለ።

እዚያ አገር ለሸማቾች የቆመ መሥሪያ ቤት አለ። በር አለው፤ ሰው አለው፤ ወንበር አለው። ዮናስ ከሥራ ቀርቶ ሄደ። የእኔን ስም አላነሣም፤ ቢያነሣም የሚሰማው የለም። «ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁትን፣ በደንብ የሚሠራልኝን፣ ልጄ የሚማርበትን ሶፍትዌር የገበያው ባለቤት ኩባንያ ያለ በቂ ምክንያት ወሰደብኝ» አለ። የሚያውቃቸውን ወላጆችም ቀሰቀሰ፤ እነሱም ያንኑ ጻፉ። መሥሪያ ቤቱ ኩባንያውን ጠየቀ። ለእኔ ውኃ እስክጠጣ ድረስ እንኳ ያልቆየው ኩባንያ ለእነሱ በሥርዓት መረመረ።

በሳምንቱ መጨረሻ ገደማ ዮናስ ደወለ። ጋሽ ደበበ እኛ ቤት ነበሩ፤ በዚያ ሰሞን ዜና ፍለጋ በየቀኑ ብቅ ይሉ ነበር።

«ተከፈተ!» አለ ዮናስ። «እህቴ፣ ተመልሷል፤ ሁሉም አገር!»

እናቴ እልል አለች። እኔ ላፕቶፑን ከፈትኩ፤ እውነት ነው፣ «ልጆች ተከተሉኝ» ቦታው ላይ ቁጭ ብሏል። ኢሜይሌን አየሁ፤ ምንም የለም። መከፈቴን እንኳ የነገረኝ የለም።

«ደብዳቤም ጽፈውልኛል» አለ ዮናስ። «ላንብብልሽ። 'ውድ ደንበኛችን፣ ለደረሰብዎት መጉላላት ከልብ ይቅርታ እንጠይቃለን። የእርስዎ እርካታ ለእኛ ከምንም በላይ ነው።'»

ጋሽ ደበበ ወደ እኔ ዞሩ። «ላንቺስ ምን ብለው ጻፉልሽ?»

«ምንም።»

«እንዴት ምንም?»

«ምንም ጋሽ ደበበ።»

«የተበደልሽው አንቺ» አሉ ሽማግሌው፣ «ይቅርታ የተጠየቀው ልጄ?» እናቴም እልልታዋን አቆመች።

አንባቢዎቼ፣ ይህን ለማን ብነግር «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ተከፈተልሽ አይደል!» ይለኛል። ደስ አላለኝም። ዛሬም ደስ አላለኝም። አንድ ሌባ ቦርሳዬን ነጥቆኝ ለጎረቤቴ ቢመልስለት ደስ ይለኛል? ዮናስ መብቱ በመከበሩ አልቀናሁም፤ ይከበርለት። ገዢን የሚጠብቅ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው። የሚያንገበግበኝ በዚያ ሕግ ውስጥ እኔ ያለሁት ግዴታው ጋ ብቻ መሆኑ ነው። ስም ጻፊ ሲሉ አለሁ፤ በርሽን አሳዪ ሲሉ አለሁ፤ አጠፋሽ ሲሉ አለሁ። ተበደልኩ ስል ግን የለሁም። በራሴ አገርም ያው ነኝ፤ ወጣቱ ሠራተኛ ክፍል የለንም ብሎኛል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ተለውጦብኛል። አንደኛው ትንሽ ነው፤ እናንተንም ይመለከታል። ስልካችሁ ላይ «ምክንያትዎን ይምረጡ» ሲላችሁ ቶሎ የሚያስመልሰውን ሳይሆን እውነተኛውን ምረጡ። የምትጫኑት ቃል በሌላኛው ጫፍ በአንድ ሰው ላይ ይወድቃል። ያ ሰው ምናልባት የሰፈራችሁ ልጅ ነው፤ ባይሆንም ሰው ነው።

ሁለተኛው ከባድ ነው። እኔ ዝምተኛ ሴት ነበርኩ፤ ክፍሌ ውስጥ እንጂ ሌላ ቦታ ድምፄን አላሰማም ነበር። አሁን ግን በኢንተርኔት ስለሚደረግ ግብይት ውይይት አለ የተባለበት ሁሉ እሄዳለሁ። ጋበዙኝ አልጋበዙኝ እገባለሁ። ጓደኞቼ «ምን ያደርግልሻል?» ይሉኛል፤ ፊታችሁ ላይ በር ቢዘጋባችሁ ታውቁት ነበር እላቸዋለሁ።

በቅርቡ አንዱ ስብሰባ ላይ አንድ የሕግ ባለሙያ ስለሚዘጋጅ ረቂቅ ደንብ ረጅም ማብራሪያ ሰጠ። ዜጎቻችን ከውጭ አገር ሶፍትዌር ሲገዙ እንዳይታለሉ፣ ዜጎቻችን ሲገዙ መረጃ እንዲያገኙ፣ ዜጎቻችን ሲገዙ አቤት የሚሉበት እንዲኖራቸው። ደጋግሞ ሲገዙ፣ ሲገዙ። እጄን አወጣሁ።

«ሲሸጡስ?» አልኩት።

«ይቅርታ፣ አልገባኝም?»

«ዜጎቻችን ሲሸጡስ? የምንገዛ ብቻ ነን ያለው ማነው? ሠርተን ለውጭ ገዢ ሸጠን ያለ ምክንያት ብንዘጋ፣ አቤት የምንለው ለማን ነው?»

አዳራሹ ውስጥ አንዳንዱ ሳቀ፤ አንዳንዱ አጨበጨበ። ባለሙያው ወረቀቱን ገለጠ፣ ወደ ኋላ መለሰ፣ እንደገና ገለጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ።

«እሱ እንኳ ረቂቁ ውስጥ የለም» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «የመጣሁት ለዚያ ነው።»